የኮሌጅ ፉትቦል ክፍያ፦ 20.5 ሚሊዮኑ ዶላር ለማን ይደርሳል?

መድረክ፦ ስፖርት › የአሜሪካ ፉትቦል › ኮሌጅ

#1 ሰሌዳ_ቆጣሪ

"ኮሌጅ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ጀመረ፣ ጨዋታው አለቀለት" የሚለው ክርክር በየክሩ እየተነሳ ነገር ይደበላለቃል። የሚደበላለቀውም ሦስት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። እስኪ እንለያየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ድሮም የነበረው ስኮላርሺፕ ነው፤ የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ። በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአልስተን ጉዳይ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው ማኅበር) ላይ ከፈረደ ወዲህ ትምህርት ቤቱ (ኮሌጁ) ከፈለገ በዓመት እስከ 5,980 ዶላር የትምህርት ሽልማት ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ኤንአይኤል የሚሉት ነው። የተጫዋቹ ስም፣ ምስልና ገጽታ ለማስታወቂያ ሲውል ከውጭ የሚመጣ ክፍያ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈቅዷል። ወዲያው የየትምህርት ቤቱ ባለሀብት ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው "ኮሌክቲቭ" የሚባሉ ድርጅቶች አቋቋሙ። ወረቀቱ የማስታወቂያ ክፍያ ይላል፤ ሥራው ግን ተጫዋች ማስፈረም ሆነ።

ሦስተኛው አዲሱ ነው። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጁን 6 ቀን 2025 ያጸደቁት የሃውስ ስምምነት (አትሌቶች ኤንሲኤኤን ከሰው የተደረሰበት) ትምህርት ቤቱ ራሱ ከገቢው ለተጫዋች በቀጥታ እንዲያካፍል ፈቀደ። የ2025–26 ጣሪያ በአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ የመጣው የታላላቆቹ ኮንፈረንስ (ሊግ) ትምህርት ቤቶች ከቲቪ፣ ከቲኬትና ከስፖንሰር የሚያገኙት አማካይ ገቢ በ22 በመቶ ተሰልቶ ነው። ከ2016 ጀምሮ ለተጫወቱት ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ በ10 ዓመት እንዲከፈል ተወስኗል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ገንዘቡ የቡድን አሠራሩን ምን አደረገው? ለማን ደረሰ፣ ከማን ተነጠቀ? እባካችሁ በቁጥር እናውራ።

#2 ሜዳ_ዳር

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20.5 ሚሊዮን ለ105 ተጫዋች (አንድ የፉትቦል ቡድን ቢበዛ ለሚይዘው) ሲካፈል ለእያንዳንዱ 195 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። 19 ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። "ተበዘበዙ" የሚባለው ወሬ ከእንግዲህ ቢቆም ጥሩ ነው።

#3 የሒሳብ_ሰው

@ሜዳ_ዳር ወንድሜ፣ ሁለት ቦታ ስተሃል።

20.5 ሚሊዮኑ የፉትቦል ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ስፖርት በሙሉ ነው። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ አዲስ ስኮላርሺፕ ከጨመረ እስከ 2.5 ሚሊዮን ድረስ ከጣሪያው ላይ ይቆጠርበታል። እንግዲህ በጥሬው የሚቀረው 18 ሚሊዮን ነው እንበል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚያካፍሉት የካሣው ክፍያ በተሠራበት ቀመር ነው፤ 75 በመቶ ለፉትቦል፣ 15 ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለቀሩት ሁሉ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቢፈልግ ሌላ ማድረግ ይችላል። በዚህ ቀመር ለፉትቦል 13.5 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ለ105 ሲካፈል 128 ሺህ ገደማ።

ሁለተኛው ስሕተት አማካዩን ማመን ነው። ገንዘቡ በነፍስ ወከፍ አይታደልም፣ በመጫወቻ ቦታ ነው የሚታደለው። ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው የጨዋታው መሪ)፣ የኳርተርባኩን ጀርባ የሚጠብቀው የግራ ታክል፣ ኳርተርባክ አሳዳጁ፣ ከዚያ ኮርነርባክ (የኳስ ተቀባዮች ጠባቂ) እና ዋይድ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ)። የመጀመሪያዎቹ 22ቱ ተሰላፊዎች አብዛኛውን ይወስዳሉ። ሦስተኛ ተጠባባቂ የሆነ ላይንባከር (የመከላከያ ተጫዋች) ስኮላርሺፕና ጥቂት ሺህ ብር ካገኘ ደስ ይበለው። (ብር ያልኩት ዶላር ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ።)

#4 አራተኛ_ዳውን

የ105ቱ ነገር ከገንዘቡ በላይ ጨዋታውን የነካ ይመስለኛል፤ ማንም ግን አያወራለትም።

ድሮ ገደቡ የስኮላርሺፕ ነበር፤ 85። ከዚያ ውጭ ያለ ስኮላርሺፕ በራሱ ወጪ የሚለማመደው "ዎክ ኦን" ገደብ ስላልነበረበት ብዙ ቡድን ከ120 በላይ ልጅ ይዞ ነበር የሚሠራው። አሁን የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነሳ፣ በምትኩ የስም ዝርዝሩ ራሱ በ105 ተቆለፈ። ሲያዩት ለተጫዋቹ የተሻለ ይመስላል፤ 20 ተጨማሪ ስኮላርሺፕ መስጠት ይቻላልና። ግን ሃያ የሚሆኑ ዎክ ኦኖች ወጡ።

ዎክ ኦን ምን ይሠራ ነበር? የሳምንቱን ተጋጣሚ አጨዋወት አስመስሎ ለዋናው ቡድን የሚያለማምደው "ስካውት ቲም" በብዛት እነሱ ነበሩ። ማክሰኞና ረቡዕ ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ ሲኖር ዱላውን የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። ቁጥሩ ሲቀንስ አሠልጣኙ ወይ የግጭት ልምምዱን ያሳጥራል፣ ወይ ሁለተኛ ተሰላፊዎቹን ለስካውት ያውላል። ሁለተኛውን የመረጠ ኖቬምበር ላይ የጉዳተኛ ዝርዝሩ ይረዝምበታል። በተለይ የመስመር ተጫዋቾች ጋ ይብሳል፤ በ105 ውስጥ 16 ወይም 17 የአጥቂ መስመር ልጅ ይዞ ሦስቱ ከተጎዱ ሁለት ሙሉ መስመር አቁሞ መለማመድ ያስቸግራል።

ዳኛዋም ይህን አይተው ነው ስምምነቱን በስፕሪንግ 2025 ሳያጸድቁ ያቆዩት። በመጨረሻ የተገኘው መላ ገደቡ ሲመጣ ቦታቸውን ያጡ ልጆች በልዩ ዝርዝር ተመዝግበው ከ105 ውጭ እንዲቆጠሩ ነው። ይህ ግን ያኔ ለነበሩት ነው፤ አዲስ ለሚመጣው በሩ ጠቧል።

ስምምነቱ ውስጥ ላልገባ ትምህርት ቤት የ105ቱ ገደብ አይሠራም፤ በአሮጌው 85 ስኮላርሺፕ ይቀጥላል። በምላሹ ገቢ ማካፈል አይችልም።

#5 ሜዳ_ዳር

@የሒሳብ_ሰው እርማቱን ተቀብያለሁ።

ከዎክ ኦኑ ቀጥሎ የተጎዳው የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂው ነው። ከአሠልጣኙ ወንበር ሆናችሁ እዩት። 300 ሺህ ዶላር ይዟል። አንደኛው ምርጫ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ሰውነቱ ገና ያልጠና፣ ለመሰለፍ ሁለት ዓመት የሚፈልግ፣ ሲደርስ ደግሞ በትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን በሚያስገባበት መዝገብ) ሊሄድበት የሚችል። ሁለተኛው 21 ዓመት የሞላው፣ በሌላ ኮሌጅ 24 ጨዋታ የተሰለፈ፣ ቪዲዮው በእጅ ያለ። አሠልጣኙ በሦስተኛው ዓመት ሊባረር እንደሚችል ያውቃል። ማንን ይገዛል?

ስለዚህ በምልመላ ደረጃ አሰጣጥ አምስት ኮከብ ያላቸው ልጆች አሁንም ይፈለጋሉ፤ ሦስት ኮከቡ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለ ኮሌጅ ይገፋል። እዚያ ሁለት ዓመት ጥሩ ሲጫወት ትልቁ ቡድን መጥቶ ይወስደዋል። ትንንሾቹ ፕሮግራሞች ማሳደጊያ ሆነዋል፤ እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ማለት ነው። ልዩነቱ በአውሮፓ ያሳደገው ክለብ የዝውውር ዋጋ ይቀበላል፤ እዚህ አሳዳጊው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል።

#6 ሰሌዳ_ቆጣሪ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱ ክፍያው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይሰለፍ ይቀመጥ ነበር። በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጥ መዛወር ተፈቀደ፣ በዲሴምበር 2023 ፍርድ ቤት የቀረውንም ገደብ አገደ፣ በ2024 ኤንሲኤኤ ራሱ ደንቡን ለወጠ። ኤንአይኤልና ነጻ ዝውውር በአንድ ዓመት መምጣታቸው ነው ነገሩን ያጋጋለው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢመጣ ገበያው እንዲህ ባልፈላ ነበር።

#7 የናሆም_እናት

በሜሪላንድም ሆነ በአትላንታ ፉትቦል የሚጫወቱ የእኛ ልጆች እየበዙ ነው፤ ወላጆች ግን ስለ ወረቀቱ የምናውቀው ጥቂት ነው። ባለሙያዎቹ እባካችሁ፣ አንድ ልጅ የገቢ ክፍፍል ውል ሲቀርብለት ወላጅ መጀመሪያ የትኛውን አንቀጽ ይመልከት? ታክሱስ እንዴት ነው?

#8 ባለ_አንቀጽ

@የናሆም_እናት እህቴ፣ ስለ ውሉ እኔ ልሞክር፤ ታክሱን ለየሒሳብ_ሰው እተዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ውሉ የሥራ ቅጥር ውል አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ ሆን ብለው የስምና የምስል ኪራይ አድርገው ነው የሚጽፉት፤ "ልጁ ስሙን አከራየን፣ እኛ ኪራይ ከፈልን"። ስለዚህ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ የትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ "ተማሪ አትሌት" የሚለው ስያሜ ራሱ በ1950ዎቹ ኤንሲኤኤ የጉዳት ካሣ ጥያቄን ለመከላከል ያመጣው ቃል ነው።

አሁን አንቀጾቹ። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ዝለሉትና የውል ማቋረጫውን ፈልጉ። ትምህርት ቤቱ በምን ምክንያት ሊያቋርጥ ይችላል? "የቡድን ደንብ መጣስ" ተብሎ ሳይዘረዝር ከተጻፈ አሠልጣኙ በፈለገ ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። በዝርዝር ይጻፍ በሉ፤ የትምህርት ውጤት መውደቅ፣ የወንጀል ክስ፣ በውርርድ መሳተፍ። ጉዳት ማቋረጫ እንዳይሆን በግልጽ ይጻፍ።

ቀጥሎ የክፍያ ቀኑ። 240 ሺህ ዶላር በ12 ወር ተከፍሎ በወር 20 ሺህ ከሆነ ልጁ በየትኛውም ወር ቢወጣ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ግማሹ ግን በጃንዋሪ መጨረሻ "ቡድኑ ውስጥ ካለ" የሚከፈል ከሆነ ያ ገንዘብ ልጁን በፖርታሉ ጊዜ ማሰሪያ ገመድ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ገመድ መሆኑን አውቆ ይፈርም።

ሦስተኛው ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢሄድ የሚከፍለው ካሣ ነው፤ አሁን ትልቁ ውጊያ እዚህ ላይ ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ውሉ 500 ሺህ ዶላር፣ 14 ወር፣ በወር 30 ሺህ፣ በላዩ ሁለት የ40 ሺህ ጉርሻ ነበረው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን 30 ሺህ ተቀብሎ ወደ ሚዙሪ ሄደ። ትምህርት ቤቱ 390 ሺህ ይክፈለኝ ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ቁጥሩ ከየት መጣ? የቀሩት 13 ወራት በ30 ሺህ ሲባዙ ነው። ማለትም ልጁ ያልተቀበለውን ገንዘብ እንዲከፍል ነው የተጠየቀው። በውል ሕግ አስቀድሞ የተወሰነ ካሣ የሚጸናው እውነተኛውን ጉዳት በምክንያት የገመተ ከሆነ ነው፤ መቀጣጫ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። ክርክሩ ያ ነው። ወላጅ ማድረግ ያለበት "የቀረውን ሁሉ" የሚለውን "የተቀበለውን የተወሰነ መቶኛ" በሚል ለማስቀየር መሞከር ነው።

አራተኛ፣ ብቸኛ መብት የሚል ቃል ካለ አቁሙ። ትምህርት ቤቱ ስሙን ብቻውን ከተከራየው ልጁ ከሌላ ማስታወቂያ ሰሪ ጋር መሥራት አይችልም። የጫማውንም እዩ፤ ትምህርት ቤቱ የናይኪ ከሆነ በሜዳ ላይ አዲዳስ ማድረግ አይቻልም፣ ከሜዳ ውጭስ?

አምስተኛው ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከአበዳሪ መሰል ድርጅቶች የሚመጣ ነው፤ ዛሬ ገንዘብ እንስጥህ፣ ወደፊት ፕሮፌሽናል ስትሆን ትከፍለናለህ የሚሉ። የፍሎሪዳው ጀርቮን ዴክስተር በ2022 በተፈራረመው ውል 436,485 ዶላር ተቀብሎ ከኤንኤፍኤል (ከፕሮፌሽናሉ ሊግ) ገቢው ታክስ ሳይነሳለት 15 በመቶውን ለ25 ዓመት ሊከፍል ተስማምቶ ነበር፤ በ2023 ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ከሰሰ። የልጁን ውል ከኮሌጅ ቆይታው በኋላ የሚያሻግር ማንኛውም ዐረፍተ ነገር ከተገኘ ጠበቃ ሳያየው አይፈረም።

የቃል ተስፋ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። በ2024 የዩኤንኤልቪ (የላስ ቬጋሱ ዩኒቨርሲቲ) ኳርተርባክ ማቲው ስሉካ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎ እያለ አቁሞ ወጣ። የእሱ ወገን በቃል 100 ሺህ ዶላር ቃል ተገብቶልን ነበር አለ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም አለ። በሦስተኛው ጨዋታ ማቆሙ በአጋጣሚ አልነበረም፤ ከ4 ጨዋታ በላይ ካልተሰለፈ ያ ዓመት ከመጫወቻ ዓመታቱ አይቆጠርበትም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

#9 የሒሳብ_ሰው

ታክሱ እንግዲህ። ልጁ ሠራተኛ ስላልሆነ ከክፍያው ላይ ማንም ግብር አይቆርጥለትም። ዓመቱ ሲያልቅ 1099 የሚባል ቅጽ ይመጣለታል፤ መንግሥት እንደ ግል ነጋዴ ነው የሚያየው።

ለ100 ሺህ ዶላር ላስላ፣ ሌላ ገቢ የሌለው ያላገባ ልጅ ሆኖ በ2025 ሠንጠረዥ። ወኪሉ 15 በመቶ ወሰደ እንበል፤ 85 ሺህ ቀረ። የግል ሥራ ግብሩ (የሶሻል ሴኩሪቲውና የሜዲኬሩ 15.3 በመቶ) 12 ሺህ ገደማ ነው። የፌዴራል የገቢ ግብሩ ወደ 9 ሺህ ይጠጋል፤ ተቀናሾቹን በደንብ ከተጠቀመ ያንሳል። የስቴቱን ጨምሩበት። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ቴኔሲ የስቴት የገቢ ግብር የላቸውም፤ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታ አላቸው። እጅ ላይ 60 ሺህ አካባቢ ይቀራል ማለት ነው። የሁለት ኮሌጅ አቅርቦት ሲነጻጸር ይህ ልዩነት መታየት አለበት።

ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚሠራው። ግብሩ ኤፕሪል ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ካልተከፈለ መቀጫ አለው። ክፍያ በገባ ቁጥር ከ30 እስከ 35 በመቶውን ወደ ሌላ አካውንት ማዞር ነው። በነጻ የተሰጠ መኪናም ገቢ ነው፤ ዋጋው ተተምኖ ግብር ይጠየቅበታል፣ ልጁ ግን መኪናውን ቆርሶ ግብር መክፈል አይችልም።

ወኪል ላይ ደግሞ ጠንከር በሉ። በኤንኤፍኤል የተጫዋች ውል ላይ ወኪል መውሰድ የሚችለው ቢበዛ 3 በመቶ ነው። በኮሌጅ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጣሪያ ስለሌለ 15ም 20ም የሚጠይቅ አለ። ከትምህርት ቤቱ ቀጥታ በሚመጣው ክፍያ ላይና ወኪሉ ራሱ ባመጣው ማስታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት መቶኛ መክፈል ተገቢ አይደለም፤ ለየብቻ ይደራደሩ።

የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚቀበል ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የልጁ ገቢ በፋፍሳ (በድጋፍ ማመልከቻው) ቅጽ ላይ ይታያል። ከነጻው መጠን በላይ ያለው ገቢ እስከ 50 በመቶው እንደ መክፈል አቅም ስለሚቆጠር የፔል ግራንቱ (የማይመለሰው የፌዴራል ድጋፍ) ሊቀር ይችላል። ትንሽ ክፍያ ተቀብሎ ትልቅ ድጋፍ ማጣት አለ፤ ከመፈረም በፊት የትምህርት ቤቱን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መጠየቅ ነው።

#10 ሩጫ_ብቻ

ከፉትቦል ትንሽ ልውጣ፤ ግን የፉትቦሉ ገንዘብ ነው ወደዚህ የሚያመጣኝ። ከአገር ቤት በስኮላርሺፕ የሚመጡት ልጆች ሯጮች ናቸውና።

በስምምነቱ የትራክ ቡድን ገደብ 45፣ የአገር አቋራጭ 17 ሆኗል። የስኮላርሺፕ ገደቡ መነሳቱ በወረቀት ጥሩ ነው፤ ድሮ የወንዶች ትራክ 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበረው፣ ለሁሉም ተቆራርሶ ይታደል ነበር። ግን ከ20.5ው 75 በመቶ ለፉትቦል ከሄደ ለትራክ ስኮላርሺፕ የሚጨምር ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ከዚህ የሚብሰው ቪዛው ነው። በኤፍ ዋን (በውጭ አገር ተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ ከካምፓስ ውጭ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ ማስታወቂያ መቅረጽ፣ ፊርማ ለመስጠት ሱቅ መገኘት፣ በኢንስታግራም እየተከፈለ መለጠፍ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ኤንሲኤኤ ቢፈቅድም ኢሚግሬሽን አልፈቀደም። የካናዳዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዛክ ኢዲ በፐርዱ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የአገሪቱ ምርጥ ሲባል አሜሪካውያን ጓደኞቹ የሚያገኙትን ያህል መሥራት ያልቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮንጎያዊው ኦስካር ቺብዌ ደግሞ ኬንታኪ በ2022 ባሃማስ ለጨዋታ ሲሄድ እዚያ እያለ የማስታወቂያ ሥራ ሠራ፤ ከአሜሪካ ምድር ውጭ ነውና። ለሯጭ ልጅ ከውሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይቅደም። ቪዛ ከተበላሸ የሚጠፋው ስኮላርሺፑም ነው።

ግሪን ካርድ ያለው፣ ዜጋ የሆነ ወይም የሥራ ፈቃድ የያዘ ልጅ ይህ ጣጣ የለበትም።

#11 አራተኛ_ዳውን

ወደ ሜዳው እንመለስ። "ሀብታም ብቻ ያሸንፋል" የሚለውን አልቀበልም።

ኢንዲያናን ውሰዱ። በሽንፈት ብዛት ከታሪክ አንደኛ ሆኖ የኖረ ፕሮግራም ነው። ኩርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ሲቀጠሩ ከቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በርካታ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው መጡ፣ ኳርተርባኩን ፈርናንዶ ሜንዶዛን በኋላ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፖርታል አመጡ፤ ሜንዶዛ የ2025ን ሃይዝማን (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ፣ ቡድኑ 16 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ በጃንዋሪ 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በአሮጌው ሥርዓት ይህ አይታሰብም ነበር፤ ጥሩ ልጅ ሁሉ አላባማና ጆርጂያ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበርና። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለ ልጅ አሁን አይጠብቅም፤ ይሄዳል። ክፍያው ከላይ ያሉትን ቡድኖች ጥልቀት አሳሳው፣ ከመካከል ላሉት ዕድል ሰጠ።

#12 ሜዳ_ዳር

@አራተኛ_ዳውን አንድ ኢንዲያና ይዘህ ሕግ አታውጣ። ኦሃዮ ስቴት የ2024ን ዋንጫ ሲወስድ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዳይሬክተር ለቡድኑ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ያውም ከሃውስ በፊት። ቴክሳስ ቴክ የነዳጅ ባለሀብት ደጋፊ ይዞ በ2025 የመጀመሪያውን የቢግ 12 ኮንፈረንስ ዋንጫ ወሰደ።

#13 አራተኛ_ዳውን

ከዚያስ? ኦሬገን 23 ለ 0 ሸኘው። ገንዘብ በር ይከፍታል እንጂ ተጋጣሚን ብሎክ አያደርግም (አያግድም)። በጃንዋሪ የተገዙ አምስት የመስመር ተጫዋቾች አንድ ላይ ጠርዝ ጥቃትን ለመያዝ የሚያስፈልጋቸው መግባባት በአንድ ስፕሪንግ ልምምድ አይመጣም። የኢንዲያና ምስጢር ዋጋው አልነበረም፣ አብረው የኖሩ ልጆች ይዞ መምጣቱ ነበር።

#14 ባለ_አንቀጽ

ሁለታችሁም ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ረሳችሁት።

20.5ው የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ኤንአይኤል በላዩ ይጨመራል። ያ እንዳይጦዝ ተብሎ "ኮሌጅ ስፖርትስ ኮሚሽን" የሚባል አዲስ አካል ተቋቋመ፣ የሒሳብ ድርጅቱ ዴሎይት የሠራው "ኤንአይኤል ጎ" የሚባል መመዝገቢያም መጣ። ከአንድ ከፋይ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚመጣ ውል ከተፈረመ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ እውነተኛ የንግድ ዓላማ አለው ወይ? ዋጋውስ ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ተገቢ ነው? የደጋፊ ባለሀብት የመኪና መሸጫ ለሦስተኛ ተጠባባቂ ኳርተርባክ 400 ሺህ ዶላር ለአንድ ፎቶ ከከፈለ አይለፍም። ውሉ ካልጸደቀ ማሻሻል፣ መተው ወይም ወደ ግልግል ዳኝነት መሄድ ይቻላል። ሳይጸድቅ ገንዘቡን የበላ ልጅ የመጫወት ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ድክመቱ የት ነው? በኤንኤፍኤል የደመወዝ ጣሪያ የሚጸናው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተደራድረው ስለተስማሙበት ነው፤ በድርድር የመጣ ጣሪያ ከጸረ ሞኖፖል ሕግ ከለላ አለው። እዚያ ተጫዋቾቹ ቢያንስ 48 በመቶ ገቢ ያገኛሉ። እዚህ 22 በመቶ፣ ማኅበር የለም፣ ድርድር የለም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ከስሶ አንድ ዳኛ "ይህ ጣሪያ ገበያ ማፈኛ ነው" ቢል ነገሩ እንደገና ይፈታል። የዳርትማውዝ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በማርች 2024 በ13 ለ 2 ድምፅ ማኅበር መርጠው ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ጥያቄውን አነሱት። ትምህርት ቤቶቹ ሠራተኛ ማለትን እስከፈሩ ድረስ ሕጋዊ ጣሪያ አይኖራቸውም። የሚሸሹት ነገር መድኃኒታቸው ነው።

#15 ሜዳ_ዳር

ይህንን ሳነብ የሚመጣብኝ ኤስኤምዩ (ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ) ነው። በ1987 ኤንሲኤኤ የአንድ ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ የሰረዘባቸው ለ13 ተጫዋቾች 61 ሺህ ዶላር ገደማ ስለተከፈለ ነበር። አሁን ያ ለአንድ ተጠባባቂ የዓመት ክፍያ ነው። ይኸው ትምህርት ቤት ኤሲሲ ወደሚባለው ኮንፈረንስ ለመግባት የዘጠኝ ዓመት የቲቪ ገንዘቡን ትቶ፣ በደጋፊዎቹ ኪስ ተደግፎ በ2024 ፕሌይኦፍ (የሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ) ገባ።

#16 የናሆም_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ተማርን። አንድ ነገር ብቻ። ገንዘቡን ከየት ነው የሚያመጡት? የትምህርት ክፍያ ላይ ይጨምሩብን ይሆን?

#17 የሒሳብ_ሰው

@የናሆም_እናት የየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ቴኔሲ በቲኬት ላይ 10 በመቶ "የተሰጥዖ ክፍያ" ጨመረ። ኬንታኪ የስፖርት ክፍሉን ወደ ኩባንያ ቀየረ። ሌሎች የቴኒስና የዋና ቡድኖችን ዘጉ። ከተማሪው ላይ በየሴሚስተሩ የአትሌቲክስ ክፍያ የሚሰበስቡም አሉ፤ የክፍያ ደረሰኙ ላይ "አትሌቲክስ ፊ" የሚል መስመር ካለ እሱ ነው። ልጅሽ የማይጫወት ከሆነም ይከፍላል።

ገንዘብ አልነበራቸውም ግን አትበሉ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ላለማሠልጠን የሚከፍለው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

#18 ሰሌዳ_ቆጣሪ

በግል መልእክት ለጠየቁኝ፣ የፖርታሉ ጊዜ። ለፉትቦል የስፕሪንጉ መስኮት ተሰርዟል፤ በ2026 የነበረው አንድ ብቻ ነው፣ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16። አሠልጣኙ ከተቀየረ ደግሞ አዲሱ ከተሾመ ከ5 ቀን በኋላ የ15 ቀን መስኮት ይከፈታል። ስም ማስገባት ማለት የቀድሞው ትምህርት ቤት ስኮላርሺፑን እንዲያስቀጥል አይገደድም ማለት ነው፤ ስለዚህ ተቀባይ ሳያገኙ የሚገቡ ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። የገቢ ክፍፍል ውል ያለበት ልጅ ስሙን ከማስገባቱ በፊት ባለ_አንቀጽ #8 ላይ የጻፈውን ሦስተኛውን ነጥብ አውጥቶ በራሱ ቁጥር ያስላ፤ የቀሩት ወራት ስንት ናቸው፣ በወር ስንት ነው፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ይከፍልለታል ወይ፣ ይከፍላል ከተባለስ በጽሑፍ ነው ወይ።